ነፃ ፈቃድ አለን ወይስ የለንም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ርዕስ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብሰብ ላድርጋቸው ብዬ ነው። አንዳንዱን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፤ አንዳንዱን ግን በሁለት መስመር አልፌዋለሁ። የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው በቀላል አማርኛ ምንድን ነው?

ጠዋት ካፌ ገብቼ ጠቆር ያለ ማኪያቶ አዘዝኩ እንበል። ሻይ ማዘዝ እችል ነበር? "አዎ፣ ማን ከልክሎኝ!" እላለሁ። ግን ማኪያቶውን ለምን መረጥኩ? ስለለመድኩት። የት ለመድኩት? ዩኒቨርሲቲ፣ ከዶርም ልጆች ጋር። የዶርም ልጆቹን እኔ መረጥኳቸው? የለም፤ በስም ፊደል ተራ ነው የተመደብነው። ስሜን ማን አወጣው? አያቴ። እንዲህ እያልኩ ወደኋላ ስጎትተው የዛሬ ጠዋት ማኪያቶዬ እኔ ከመወለዴ በፊት ይጀምራል።

ይህን ክር እስከ መጨረሻው የሚጎትተው አስተሳሰብ ዲተርሚኒዝም ይባላል። የሚሆነው ነገር ሁሉ፣ የሰው ውሳኔም ጭምር፣ ከእሱ በፊት በነበረው ሁኔታና በተፈጥሮ ሕግ ተወስኗል ባይ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ በ1814 ነገሩን ጥግ ድረስ ወሰደው። የዓለምን ቅንጣቶች ሁሉ ቦታና በላያቸው ያለውን ኃይል በአንዲት ቅጽበት የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር፣ ያለፈውም የሚመጣውም እኩል ተዘርግቶ ይታየው ነበር አለ። የእኔ ማኪያቶም እዚያ ውስጥ አለች ማለት ነው።

ነፃ ፈቃድ ደግሞ "ውሳኔው የእኔ ነው፤ ብጠየቅበትም አግባብ ነው" እንድንል የሚያስችለን ነገር ነው። ክርክሩ ታዲያ እነዚህ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ይችላሉ ወይ ነው።

ዲተርሚኒዝም "የአርባ ቀን ዕድል" ከምንለው ጋር አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሰው ሁሉ የሚደነቃቀፈው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የአርባ ቀን ዕድል ሲባል መድረሻው ተቆርጧል፣ መንገዱ ግን ለውጥ አያመጣም ማለት ነው። ብታጠናም ባታጠናም ማለፍ የተጻፈልህ ከሆነ ታልፋለህ። "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" የሚለውም ከዚሁ ቤት ነው። ዲተርሚኒዝም ግን ተቃራኒውን ነው የሚለው። ፈተናውን የምታልፈው ስላጠናህ ነው። ማጥናትህ ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዱ ነው፤ እሱን ብትበጥሰው ውጤቱ አይመጣም።

የጥንት ግሪኮች ይህን ነገር "የሰነፍ ክርክር" ይሉት ነበር። የታመመ ሰው እንዲህ ይላል፦ መዳን ዕጣዬ ከሆነ ሐኪም ብጠራም ባልጠራም እድናለሁ፤ መሞት ከሆነም እንደዚያው፤ ታዲያ ሐኪም ለምኔ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ክሪሲፐስ የሚባል ፈላስፋ መልስ ሰጠ። መዳንህ የተወሰነ ከሆነ ሐኪም መጥራትህም አብሮ ተወስኗል፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም አለ።

በነገራችን ላይ፣ የአርባ ቀን ዕድልን እስከ መጨረሻው የሚያምን ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። "ካለ አይቀርም" እያለ ቀበቶ የማያስረው ሹፌር ዓባይ በረሃን ሊወርድ ሲል ፍሬኑን ያስፈትሻል።

አንጎላችን ከእኛ ቀድሞ እንደሚወስን ሳይንስ አረጋግጧል ይባላል። እውነት ነው?

ቲክቶክ ላይ በሠላሳ ሰከንድ የሚነገረውን ያህል አይደለም። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ጀርመን አገር ይሠሩ የነበሩት የአንጎል ተመራማሪዎች ኮርንሁበርና ዴከ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰው በራሱ ፍላጎት እጁን ከማንቀሳቀሱ በፊት፣ አንጎሉ ላይ ቀስ እያለ የሚነሳ የኤሌክትሪክ ምልክት አለ። በ1965 አሳተሙት፤ "የዝግጁነት ምልክት" ልንለው እንችላለን።

ከዚያ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሠራው ቤንጃሚን ሊቤት መጣ። በ1983 ያሳተመው ሙከራ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ጭንቅላትህ ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይለጠፋል። ፊትህ ሰዓት የመሰለ ነገር አለ፤ አንዲት የብርሃን ነጥብ በ2.56 ሰከንድ አንድ ዙር ትዞራለች። ሥራህ ደስ ባለህ ጊዜ እጅህን ማጠፍ ብቻ ነው። ከዚያ "ላጥፍ" የሚለው ስሜት ሲመጣብህ ነጥቧ የት ጋ እንደነበረች ትናገራለህ።

ውጤቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። የዝግጁነት ምልክቱ እጁ ከመንቀሳቀሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ይጀምራል። ሰዎቹ "ላጥፍ" አልኩ የሚሉት ግን ከእንቅስቃሴው 0.2 ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ነው። በመካከል የሰከንድ አንድ ሦስተኛ የሚሆን ክፍተት አለ። ብዙዎች ቶሎ ደመደሙ፦ አንጎል ይወስናል፣ አንተ ወሬውን ዘግይተህ ትሰማለህ።

ሊቤት ራሱ ግን እዚያ ድረስ አልሄደም። ሰው ስሜቱ ከተሰማው በኋላ "ተወው" ብሎ ማስቆሚያ ትንሽ ጊዜ ይቀረዋል አለ። ገፋፊው ከሥር ቢመጣም በረኛው አንተ ነህ እንደማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች የወሰኑት መቼ ነው? ሙከራው ላይ ለመሳተፍ እሺ ያሉ ጊዜ፣ መመሪያውን ሰምተው "ገባኝ" ብለው ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እጅን አሁን ማጠፍና ከሁለት ሰከንድ በኋላ ማጠፍ ምን ልዩነት አለው? ምንም። ምክንያት የሌለውን ነገር ነው የለኩት።

ታዲያ ያ ምልክት ምንድን ነው?

በ2012 አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ሌላ ማብራሪያ አመጡ። እኔ በጀበና ነው የማስረዳው።

ጀበና ከሰል ላይ ተጥዷል። ቡናው የጀበናው አንገት ድረስ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። አንዳንዴ አፉን አልፎ ይገነፍላል። አሁን አርባ ጊዜ የገነፈለበትን ቅጽበት ብቻ ምረጡና ከዚያ ወደኋላ ተመልከቱ። ሁልጊዜ ከመገንፈሉ በፊት ቡናው ቀስ እያለ ሲወጣ ታገኛላችሁ። መውጣት የጀመረበት ሰዓት ላይ ግን "ዛሬ እገነፍላለሁ" ብሎ የወሰነ ቡና የለም። ብዙ ጊዜ እዚያው ድረስ ወጥቶ ተመልሷል፤ እናንተ ያንን አልቆጠራችሁትም።

አንጎልም እንደዚያ ነው አሉ። ሥራ ባይሰጡትም የኤሌክትሪክ ሞገዱ ዝም ብሎ ከፍና ዝቅ ይላል። "ደስ ባለህ ጊዜ" የተባለ ሰው ሞገዱ ከፍ ባለበት ሰዓት እጁን ማጠፍ ይቀለዋል። የምናየው ምልክት እንግዲህ ከውሳኔ በፊት የሚኖረው ማዕበል ሊሆን ይችላል፤ የግድ ውሳኔው ራሱ አይደለም።

በ2019 ደግሞ ዩሪ ማኦዝ፣ ሊያድ ሙድሪክና ባልደረቦቻቸው ቁም ነገር ያለበት ምርጫ ሞከሩ። ተሳታፊዎቹ ከሁለት በጎ አድራጎት ድርጅቶች አንዱን ይመርጣሉ፤ ምርጫቸው 1,000 ዶላር በእርግጥ ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል። በሌላው ዙር ደግሞ ማንኛውንም ቢጫኑ ለውጥ የለውም። ዝነኛው ምልክት ግድ በሌለው ምርጫ ላይ ታየ። ከልብ በታሰበበት ምርጫ ላይ ግን ወይ ጠፋ ወይ በጣም ደከመ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጣት እንቅስቃሴ ላይ የተገኘውን ወስደን "ማንን ላግባ" የሚለው ላይ መጫን አንችልም ማለት ነው።

ስካነሩ ግን ከብዙ ሰከንድ በፊት ምርጫን ያውቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ትክክል፣ እንዲህ ያለ ጥናት አለ። በ2008 ጀርመን ውስጥ ጆን ዲላን ሄይንስ ያለበት ቡድን ሰዎችን ኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳይ ማሽን) ውስጥ አስገብቶ የግራ ወይም የቀኝ ቁልፍ እንዲጫኑ አደረገ። ኮምፒዩተሩ ሰውየው ከመወሰኑ እስከ 10 ሰከንድ ቀድሞ የትኛውን እንደሚጫን መገመት ቻለ። ርዕሱ ላይ የማይጻፈው ቁጥር ግን ይኸውላችሁ፦ ግምቱ ትክክል የሚሆነው 60 በመቶ ገደማ ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 በመቶ ታገኛላችሁ።

የእኛ ሰፈር ካፌ አስተናጋጅ ከዚያ ማሽን ትበልጣለች። በሩን ሳልፍ ገና "ጠቆር ያለ!" ብላ ወደ ማሽኑ ትጮሃለች። አንድ ቀን፣ ይህን ርዕስ እያብሰለሰልኩ ሳለ፣ እስቲ ላሳስታት ብዬ "ዛሬ ሻይ" አልኳት። አንገቴ ላይ ያለውን ፎጣ አየችና "ጉንፋን ነው አይደል? ዝንጅብል ላስገባበት?" አለችኝ። ያሳሳትኳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምክንያቴን ከእኔ ቀድማ ደርሳበታለች። እውነትም ጉሮሮዬ ይከረክረኝ ነበር።

እሷ ስላወቀችብኝ ነፃነቴ ተነካ? አይመስለኝም። ምክንያቴን ስለምታውቅ ነው የምትገምተኝ። የማይገመት ሰው ሁሉ ነፃ ቢሆን ኖሮ ከሁላችንም ነፃው ሰው የሰከረ ሰው ይሆን ነበር።

ኳንተም ፊዚክስ አያድነንም?

አያድነንም። በ1927 ሃይዘንበርግ የአንድን ቅንጣት ቦታና ግስጋሴ ሁለቱንም በፍጹም ትክክለኛነት ማወቅ እንደማይቻል አሳየ። ብዙ የፊዚክስ ሰዎች ከሥር ያለው ዓለም በዕድል የሚሠራ ነገር አለው ይላሉ። ይሁን። ጭንቅላቴ ውስጥ ዳይስ የሚወረውር ነገር ቢኖር ውሳኔው የዳይሱ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ከሰንሰለት ወደ ሎተሪ መሸጋገር ነፃ መውጣት አይደለም።

አእምሮና አንጎል አንድ ናቸው?

አማርኛ ሁለት ስም መስጠቱ በከንቱ አይደለም። አንጎል የሚታይ፣ የሚታመም፣ ኦፕሬሽን የሚደረግ ነገር ነው። አእምሮ የሚያስበው ነው። እንዲያውም እኛ ሐሳባችንን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አናስቀምጥም። ልብ እንላለን፣ ልባችን ይነግረናል፣ ምስጢር ሆዳችን ውስጥ እንይዛለን፣ ያሳዘነን ሰው አንጀታችንን ይበላዋል።

ፈረንሳዊው ዴካርት ነፍስና ሥጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው አለ። በ1643 የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ደብዳቤ ጻፈችለት። ቦታ የማትይዝ፣ ክብደት የሌላት ነፍስ ሥጋን እንዴት አድርጋ ነው የምትገፋው ብላ ጠየቀችው። ዴካርት አንጎል መሃል ያለችን ትንሽ እጢ የነፍስና የሥጋ መገናኛ ያደርጋት ነበር። እጢዋ ግን ራሷ ሥጋ ናት። የልዕልቲቱ ጥያቄ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘም ብል አላጋነንኩም።

ሌላው ሁልጊዜ የሚነሳው ፊንያስ ጌጅ ነው። በመስከረም 1848 አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሲሠራ ፈንጂ ያለጊዜው ፈነዳበት። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 6 ኪሎ የሚመዝን ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። የሚገርመው ተረፈ። ሐኪሙ እንደጻፈው ግን ያ ጨዋና ቁም ነገረኛ ሰው ተሳዳቢና ግልፍተኛ ሆነ፤ ወዳጆቹ "ጌጅ እሱ አይደለም" አሉ። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀር ነገር አለ። ሰውየው በኋላ ቺሌ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኛ ሠረገላ ነድቷል። ይህ ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ብረቱ ለውጦታል፣ እስከ መጨረሻው ግን አላጠፋውም።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ አእምሮና አንጎል እንደ እስክስታና ትከሻ ናቸው። እስክስታው የት ነው ያለው? ትከሻውን ቀዳችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። ትከሻ ከሌለ ግን እስክስታ የለም። ለዚህ ነው "አንጎሌ ነው የወሰነው፣ እኔ አይደለሁም" የሚለው አባባል የሚያስቀኝ። ጨፍሮ ሲያበቃ "ትከሻዬ እንጂ እኔ አልጨፈርኩም" እንደማለት ነው።

ፈላስፎቹ ምን ይላሉ?

በሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ነፃ ፈቃድ አለ፣ ስለዚህ ዲተርሚኒዝም ሐሰት ነው ይላሉ። ሁለተኞቹ ነፃ ፈቃድ የለም፣ በቃ ይላሉ። ሦስተኞቹ ሽምግልና የገቡት ናቸው፤ ሁለቱ አይጣሉም፣ ነገሩ የተጣመመው "ነፃ" የሚለውን ቃል በተሳሳተ መንገድ ስለተረዳነው ነው ይላሉ። በ2020 በሙያው ሰዎች መካከል በተደረገ መጠይቅ ሽማግሌዎቹ 59 በመቶ ገደማ፣ "አለ" ባዮቹ 19 በመቶ፣ "የለም" ባዮቹ 11 በመቶ ሆነዋል። የቀሩት ሌላ መልስ ሰጥተዋል።

ከሽማግሌዎቹ ጠንካራው ምሳሌ የጆን ሎክ ነው፤ 17ኛው ክፍለ ዘመን። አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ ተሸክመው አንድ ክፍል ያስገቡታል። ሲነቃ በጣም የናፈቀው ወዳጁ እዚያ ተቀምጧል። ጨዋታው ደርቶ መውጣት አይፈልግም። በሩ ግን ከውጭ ተቆልፏል፣ እሱ አያውቅም። ወዶ ነው የቀረው ወይስ ተገዶ? ሎክ ወዶ ነው ይላል፤ መውጣት ባይችልም። አዲስ አበባ ውስጥ የዘመድ ቤት እራት የተጋበዘ ሰው ይህን ምሳሌ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በተቃራኒው ፒተር ቫን ኢንዋገን በ1983 የተፈጥሮ ሕግን አልመረጥንም አለ። ከመወለዳችን በፊት የሆነውንም አልመረጥንም። የዛሬው ድርጊታችን ከእነዚህ ሁለቱ የሚከተል ከሆነ እሱንም አልመረጥንም። አጭር ነው፣ ግን እንቅልፍ ይነሳል።

በ2023 ሁለት የአንጎል ሳይንስ ሰዎች በአንድ ዓመት ሁለት ተቃራኒ መጽሐፍ አወጡ። ኬንያ ውስጥ ዝንጀሮ ሲያጠና ብዙ ዓመት ያሳለፈው ሮበርት ሳፖልስኪ ነፃ ፈቃድ ጨርሶ የለም አለ። የደብሊኑ ኬቪን ሚቸል ደግሞ ነፃ ፈቃድ በዝግመተ ለውጥ የመጣ የሕያዋን ችሎታ ነው አለ። መረጃቸው ብዙም አይለያይም። የተለያዩት "ነፃ ለመባል ምን ያህል ይበቃል" የሚለው ላይ ነው።

እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ። ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። ትዕግሥተኛ ሰው ትዕግሥቱን ከየት አመጣው? ረጋ ያለ ቤት ስላደገ፣ እናቱ እርጉዝ ሳለች ስላልተራበች፣ ጭንቅላቱን ስላልተመታ ሊሆን ይችላል። "እኔም ድሃ ሆኜ ነው ያደግኩት፣ ግን አልሰረቅኩም" የሚል ሰው ያላየው ዕድል አለው። ይህን "የለም" ባዮቹ ሲያነሱ መልስ የለኝም። ቢያንስ ሰውን ለመበቀል ብቻ መቅጣት እንዲከብደኝ አድርጎኛል።

አማርኛ ራሱ ስለዚህ ነገር ምን ይለናል?

ይህን ጥያቄ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ስለምወደው።

"ራበኝ" እንላለን። ራብ ነው የሚሠራው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ናፈቀኝ፣ ደስ አለኝ፣ አላስችል አለኝ። ሁሉም በእኔ ላይ የሚደርሱ ናቸው። "ወሰንኩ"፣ "መረጥኩ"፣ "እምቢ አልኩ" ግን ባለቤታቸው እኔ ነኝ። ሰዋስዋችን በላያችን የሚመጣውንና ከእኛ የሚወጣውን ለይቶ ያስቀምጣል። አንዳንዱ መሃል ቤት ነው፤ "ከአፌ አመለጠኝ" የሚለው ለምሳሌ። ቃሉ የእኔ ነው፣ ማምለጡ ግን የእሱ።

ከሁሉም የሚገርመኝ "አውቆ" የሚለው ነው። ሆን ብሎ አደረገ ለማለት "አውቆ ነው" እንላለን። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። "አውቄ አይደለም" ስንል ይቅርታ እየጠየቅን ነው። አማርኛ ነፃ ድርጊትን ምክንያት ከሌለው ድርጊት ጋር አያገናኘውም። ከማወቅ ጋር ነው የሚያገናኘው። የሚያደርገውን የሚያውቅ፣ ሌላ ቢነግሩት የሚሰማ፣ ሰምቶም ሐሳቡን መቀየር የሚችል ሰው። እኔ ነፃ ፈቃድ የምለው ይህንን ነው። እና ይህ ነገር አለ ወይም የለም የሚባል አይደለም፤ ይበዛል፣ ያንሳል።

"ሰይጣን አሳሳተኝ" ያለ ሰው ሕግ ፊት ምን ይደርስበታል?

ሰይጣን ሲከሰስ አይቼ አላውቅም። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው።

በ1996 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ነገሩን ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በመሰለ ምክንያት፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ ምን እያደረገ እንደሆነ ወይም የሚያስከትለውን መረዳት ያልቻለ ሰው አይቀጣም። ቢረዳም በተረዳው መሠረት ራሱን መግዛት ያልቻለም እንደዚያው። ሁለት ነገር ነው የሚጠየቀው፦ ማወቅና መግዛት። ላፕላስ የለበትም፣ ቅንጣትም የለበትም። አንቀጽ 49 ደግሞ ችሎታው በከፊል ለጎደለው ከፊል ኃላፊነት ይሰጣል። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዚያ በላይም ዕድሜው እየጨመረ ሲሄድ ነው ተጠያቂነቱ የሚሞላው። ይበዛል፣ ያንሳል ያልኩት ሕጉ ውስጥ አለ።

"ጠጥቼ ነው" የሚለውም ሁልጊዜ አያስመልጥም። ወንጀሉን ለመፈጸም ብሎ፣ ድፍረት ላግኝ ብሎ የጠጣ ሰው በአንቀጽ 50 አይማርም። ሲመታ ባያውቅም ሲጠጣ ያውቅ ነበር።

ከባዱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ2005 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች የ11 የፓርኪንሰን ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ። የሚወስዱት መድኃኒት ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ የሚተካ ነው። እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳለ ማቆም የማይችሉት ቁማር ውስጥ ገቡ። መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቋረጥ፣ ተከታትለው ካዩዋቸው ብዙዎቹ ላይ ቁማሩም ቀረ። ቤቲንግ ቤት ተሰልፎ የሚውለውን ጎረቤታችንን "ሰነፍ" ከማለታችን በፊት ይህን ማወቅ ደግ ነው። እሱ እንክብል አልዋጠም። ግን የአንጎል ኬሚካል ሚዛን የሚዛባው በእንክብል ብቻ አይደለም።

ሃይማኖት ምን ይላል?

ሃይማኖቶቹ ከፈላስፎቹ ቀድመው ተከራክረውበታል። ኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው ከሲራክ ምዕራፍ 15 እሳትና ውኃውን ያውቃል፤ ሁለቱም ፊትህ ቀርበዋል፣ እጅህን የምትሰደው አንተ ነህ። በፕሮቴስታንቶች ዘንድ፣ የሚድነውን እግዚአብሔር አስቀድሞ መርጧል በሚሉት የካልቪን ተከታዮችና ሰው ጥሪውን እምቢ ማለት ይችላል በሚሉት የአርሚኒየስ ተከታዮች መካከል የነበረው ክርክር በ1618 ዶርት በተባለ የሆላንድ ከተማ ጉባኤ ተጠርቶበታል። ዛሬም በአማርኛ ቴሌግራም ግሩፖች ላይ አልበረደም።

በእስልምና ቀደርን (የአላህን ቅድመ ውሳኔ) ማመን ከእምነት መሠረቶች አንዱ ነው። የምወደው ታሪክ የኸሊፋ ዑመር ነው። ወደ ሻም (ሶርያና አካባቢዋ) ሲጓዙ እዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ሊመለሱ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ "ከአላህ ቀደር ልትሸሽ ነው?" አላቸው። ዑመርም አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው አሉት። ከዚያ ምሳሌ ጨመሩ። አንድ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብትገባ፣ ግመሎችህን የትም ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለም? ክሪሲፐስና ዑመር ቢገናኙ በደንብ የሚግባቡ ይመስለኛል።

የፈላስፋው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታም እግዚአብሔር ሰውን በሥራው ላይ ባለቤት አድርጎ ፈጠረው፣ ደግም ክፉም መሆን በፈቃዱ ነው ይላል። ድርሰቱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን አክሱማዊ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ የሚለው ክርክር ሌላ ገጽ ይፈልጋል።

ነፃ ፈቃድ የለም ብሎ ማመን ሰውን ያበላሻል?

በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ነፃ ፈቃድ የለም የሚል ጽሑፍ ያነበቡ ሰዎች ፈተና ላይ የበለጠ አጭበረበሩ ብሎ ነበር። ወሬው ዓለም ዞረ። በኋላ የደገሙት ተመራማሪዎች ግን ያንኑ ውጤት ማግኘት አቃታቸው። ስለዚህ በዚህ አታስፈራሩ።

ሱስ የያዘው ሰው ነፃ ፈቃድ አለው?

ፈላስፋው ሐሪ ፍራንክፈርት በ1971 ጥሩ መለያ ሰጥቷል። ሰው ፍላጎት ብቻ ሳይሆን ስለ ፍላጎቱም ፍላጎት አለው። ሲጋራ እፈልጋለሁ። ሲጋራ መፈለጌን ግን አልፈልግም። ነፃ የምንሆነው የላይኛው የታችኛውን መምራት ሲችል ነው።

እኔ ሲጋራ ለማቆም ስሞክር ጉልበቴ የማይበቃኝ መሆኑን አወቅኩ። ስለዚህ በጉልበት ተውኩና በዘዴ ሄድኩ። በፍሬ የምገዛበት ሱቅ ሄጄ ባለሱቁን "ብለምንህ እንኳን እንዳትሸጥልኝ" አልኩት። ሳቀና እሺ አለ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ምሽት፣ ካፊያ እየጣለ፣ በቀጭኗ መስኮት በኩል እጄን አስገባሁ።

"አንድ ፍሬ ስጠኝ።"

"ራስህ አይደለህ እንዴ እንዳትሰጠኝ ያልከኝ?"

"እሱ የዛን ቀን ነው።"

ላይተሩን ከፊቱ አንስቶ ወደ ውስጥ አሸሸው። "የትኛህን ልስማ ታዲያ?"

መልስ አጣሁ። ዝናቡ አንገቴ ውስጥ እየገባ ቆምኩ። ባለሱቁ ትንሽ ጠበቀኝና ማስቲካ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ነፃ መስሎኝ ዞር ልል ስል ግን ጠራኝ፤ ሒሳቡን ተቀበለኝ።